ኔትወርክ በሌለበት ደጋ ላይ፦ በጓሳና በወፍ ዋሻ የስልክ ካርታ አያያዝ

ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ደጋ ላይ ጉም ሲመጣ አያስጠነቅቅም። አንድ ጠዋት ከቆላው በኩል፣ ከገደሉ ጫፍ፣ እንደ ጭስ እየተጥመለመለ ወጣ። ቆሜ እያየሁት ጅብራዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ብዙም ሳይቆይ ከፊቴ የሚታየኝ አሥር እርምጃ የማይሞላ ሣር ብቻ ሆነ። ጭላዳዎቹን ስከተል ከመንገዱ ርቄ ነበር። ግራና ቀኙ ተመሳሰለብኝ።

ስልኬን ከውስጥ ኪሴ አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። ካርታው ላይ ግን ሰማያዊዋ ነጥብ አለች፤ ከኋላዋም ከጠዋት ጀምሮ የተጓዝኩበት ቀይ መስመር። ካርታው በዚያ ቦታ አንድም መንገድ አልተሳለበትም። የመለሰኝ ከመነሻው ጀምሮ ያስመዘገብኩት የራሴ ዱካ ነው። መስመሩን ይዤ፣ በየሃያ እርምጃው ስክሪኑን እያየሁ፣ መኪናው ጋ ደረስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በእግር በሄድኩ ቁጥር የማደርገውን ነው እዚህ የምጽፈው። ጓሳን፣ የወፍ ዋሻን ጫካ፣ አንኮበርንና ጣርማ በርን አስቤ ነው የጻፍኩት። ሌላ ቦታም ቢሆን ይሠራል።

ኔትወርክ ሌላ፣ ጂፒኤስ ሌላ

ብዙ ሰው «እዚያ ኔትወርክ ስለሌለ ማፕ አይሠራም» ይላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ስልካችሁ ውስጥ ያለው የጂፒኤስ መቀበያ ከስልክ ማማ ጋር ጉዳይ የለውም። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሬትን የሚዞሩ ሳተላይቶች የሚልኩትን ምልክት ይቀበላል። እንደ ሬዲዮ ነው፤ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ሲደርሰው የቆማችሁበትን ቦታ ያሰላል። ሲም ካርድ አይጠይቅም፤ ሂሳብም አይቆርጥም። የአሁኖቹ ስልኮች ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ አብረው ይሰማሉ።

ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው የካርታውን ሥዕል ለማውረድ ነው። ይህን ቤት ሆናችሁ ከጨረሳችሁ ነገሩ አለቀ። ሁለተኛው ስልኩ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ቶሎ እንዲያውቅ ይረዳዋል። ኔትወርክ ከሌለ ራሱ እየፈለገ ያገኛቸዋል፤ የሚወስደው ጊዜ ብቻ ነው የሚጨምረው። ሰማይ በሚታይበት ቦታ ጥቂት ደቂቃ መቆም ይኖርባችኋል። ብዙ ሰው በዚህች ጥቂት ደቂቃ ነው ተስፋ ቆርጦ «አልሠራም» የሚለው።

ቤት ሳላችሁ የሚሠራ

1. አፕ ምረጡ። ጉግል ማፕ ደብረ ብርሃን ድረስ ለመንዳት ጥሩ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱም ይታወቃል። ለእግር ጉዞ ግን ኦፍላይን ሲሆን የእግር መንገድ አይመራም፤ የመኪና ብቻ ነው። እኔ ኦርጋኒክ ማፕስን ነው የምጠቀመው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ በርካሽ ስልክ ላይም ይሮጣል። ኦስምአንድ ደግሞ ብዙ ነገር ይችላል፤ ለመልመድ ግን አንድ ሁለት ምሽት ይወስዳል። ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመክራለሁ።

ሁለቱም ካርታቸውን የሚያገኙት ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚስሉት የዓለም ካርታ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ሰው የሳለው መንገድ ካርታው ላይ አለ፤ ሰው ያልሳለው የለም። ደጋው ላይ ባዶ ቦታ ካያችሁ ሜዳ ነው ማለት አይደለም። ጨፌ ሊሆን ይችላል፣ ገደል ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሰው ሁሉ የሚሄድበት ግን ማንም ያልመዘገበው መንገድ ሊሆን ይችላል።

2. ካርታውን በዋይፋይ አውርዱ። አፑ ውስጥ «ኢትዮጵያ» ብላችሁ ፈልጉና ዳውንሎድ አድርጉ። «ደብረ ብርሃን ቁርስ ስንበላ አወርደዋለሁ» አትበሉ። አይሆንም፤ ወይ ዋይፋዩ ይደክማል ወይ ሹፌሩ ይቸኩላል። የከፍታ መስመሮችን ማሳያም አሁኑኑ አብሩት። ምን እንደሚጠቅም ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

3. ሰፈራችሁ ውስጥ ሞክሩት። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ሎኬሽን መብራቱን አረጋግጡ፣ ዱካ መመዝገቢያውን ክፈቱ። ከዚያ ስክሪኑን አጥፍታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱትና ሱቅ ደርሳችሁ ተመለሱ። ቤት ስትገቡ መስመሩን እዩት። የሄዳችሁበትን ቅያስ ሁሉ ተከትሎ ከሆነ ደህና ነው።

እኔ ይህን ሙከራ ሳላደርግ አንኮበር ሄጄ ተቀጥቻለሁ። ማታ ላይ ዱካዬን ስከፍት ከመነሻው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በትክክል ተመዝግቧል። ከዚያ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ሸለቆውን በአየር አቋርጦ ምሳ የበላሁበት ቦታ ላይ ያርፋል። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ፣ ስክሪኑ ሲጠፋ አፑን ዘግቶታል። ምሳ ላይ ስከፍተው እንደገና ጀመረ። ያን ቀን ጉም ቢመጣ ያ መስመር የሚመራኝ በቀጥታ ወደ ገደል ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግ ግቡ፣ አፖች የሚለውን ክፈቱ፣ የካርታውን አፕ ምረጡ፣ የባትሪ አጠቃቀሙን «ገደብ የሌለው» አድርጉት። የሎኬሽን ፈቃዱንም እዩ፤ «ትክክለኛ ቦታ» የሚለው መብራት አለበት። ከዚያ ሱቅ ድረስ የሄዳችሁበትን ሙከራ ድገሙት።

4. ዋና ዋና ቦታዎችን ፒን አድርጉ፤ ማለትም ካርታው ላይ ምልክት አስቀምጡባቸው። መግቢያው ወይም ማረፊያው፣ አስፋልቱ፣ ቅርቡ መንደር፣ ውኃ ያለበት ቦታ። ስም ጽፋችሁ ከመፈለግ ፒኑ ይሻላል። ካርታዎቹ ላይ የቦታዎቻችን ስም አጻጻፍ ብዙ ዓይነት ነው። መሀል ሜዳን አንዱ በአንድ መንገድ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሌላ። አንዳንዱ በፊደላችን ነው፣ አንዳንዱ በላቲን።

ቤተ ክርስቲያን ካለ ምልክት አድርጉት። የሳተላይት ፎቶ ላይ በገብስ ማሳ መካከል ክብ ሆኖ የጠቆረ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ የደብር ጽድና ወይራ ነው። ቆማችሁ በዓይናችሁም ከሩቅ ታዩታላችሁ። ካርታውንና መሬቱን ለማገናኘት ከዚህ የተሻለ ምልክት አላገኘሁም። ስሙን ስትጽፉ ግን ጎጡንም ጨምሩ። «ማርያም» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ማታ ላይ የየትኛዋ ማርያም እንደሆነች ይጠፋችኋል።

5. ለአንድ ሰው ንገሩ። የት እንደምትሄዱ፣ በስንት ሰዓት ተመልሳችሁ እንደምትደውሉ፣ ካልደወላችሁ ለማን እንደሚደውል። ከመነሳታችሁ በፊትም የአካባቢውን ሰላምና የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ይህን ካርታ አይነግራችሁም። «ይቆይባችሁ» ከተባላችሁ ቆዩ።

ባትሪና ብርድ

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቦታ ነው። ጠዋት አመዳይ አለ። የስልክ ባትሪ ደግሞ ብርድ አይወድም። 40 በመቶ የሚያሳይ ስልክ ብርድ ላይ ድንገት ድርግም ሊል ይችላል። ስለዚህ ስልኩን ከጃኬት የውጭ ኪስ አውጡና ወደ ገላችሁ አስጠጉት። ፓወር ባንኩንም እንዲሁ። ማታ ከብርድ ልብሱ ስር አብሯችሁ ይደር።

ኤርፕሌን ሞድ እዚህ በጣም ይጠቅማል። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ማማ ሲፈልግ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ። ፎቶ በሌላ ሰው ስልክ ተነሱ፤ ካርታ የያዘው ስልክ ለካርታ ብቻ ይሁን። ከሁለት በላይ ከሆናችሁ ካርታውን ሁለት ስልክ ላይ ጫኑ፣ አንዱን አጥፍታችሁ ያዙት። የፓወር ባንኩን ገመድ እንዳትረሱ። እኔ ረስቼው አውቃለሁና ነው የምላችሁ።

መነሻው ላይ

ለጓሳ ከጣርማ በር ወደ መሀል ሜዳ በሚገነጠለው መንገድ ነው የሚገባው። ደርሳችሁ ከመኪና ስትወርዱ ወዲያው አትሂዱ። በሩ ላይ ተመዝገቡ፣ ስካውት (የሥፍራው ጠባቂ) ወይም የአካባቢ አስጎብኚ ያዙ። ስልክ አለን ብላችሁ አስጎብኚ እንዳትተዉ። የመንዝ ሰው ይህን ቦታ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ መቼ ይታጨዳል፣ ከብት መቼ ይገባል፣ ሁሉም በሕግ ነበር። ዛሬም የማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥፍራ ነው። መንገዱን ያወጣው እሱ ነው፤ የቱ ጋ እግር እንደሚሰምጥ የሚያውቀውም እሱ ነው። ስልኩ የሚያገለግለው የሚያሳዩአችሁን ለማስታወስ ነው።

ከዚያ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ስልኩን አውጥታችሁ ቁሙ። ሰማያዊዋ ነጥብ ዙሪያዋን ፈዘዝ ያለ ክብ አላት። ክቡ ትልቅ ከሆነ ስልኩ «እዚህ አካባቢ ነኝ» እያለ ነው። ሲጠብ «እዚህ ነኝ» ማለቱ ነው። ጥርት ባለ ሜዳ ላይ ስልክ እስከ 5 ሜትር ገደማ ይጠጋጋል። ክቡ እስኪጠብ ጠብቁ። ከዚያ መኪናው የቆመበትን ቦታ ፒን አድርጉ፣ ዱካ መመዝገቢያውን አብሩ፣ ኪሳችሁ ክተቱት። ይህን አንዱን ነገር ብቻ ይዛችሁ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት እንኳ መመለሻ አላችሁ።

ስትሄዱ

ስክሪን ላይ ተተክላችሁ አትሂዱ። እግር ይመታል፣ ዓይንም ምንም አያይም። መንገድ ሲከፈል፣ ወንዝ ስትሻገሩ፣ ጫካ ስትገቡና ስትወጡ አውጥታችሁ እዩ። መንታ መንገድ ላይ ደግሞ ቆም ብላችሁ ወደ ኋላ ዙሩና ተመልከቱ። ስትመለሱ የምታዩት ያንን መልክ ነው። ፒን አድርጉበት፤ ስም ስጡት። «ከተሰነጠቀው ድንጋይ ወደ ቀኝ» ብላችሁ ብትጽፉ በቂ ነው።

ካርታው ላይ የተሳለች ቀጭን የነጠብጣብ መስመር ሁሉ መንገድ አይምሰላችሁ። አንድ ጊዜ መንዝ ላይ እንዲህ ያለች መስመር ይዤ ስሄድ ባና የለበሱ አዛውንት አገኘሁ። ስልኩን አሳየኋቸው።

«አባባ፣ ይቺ መንገድ ወዴት ታወጣለች?»

ስልኩን ሳይሆን እግሬ ስር ያለውን መሬት አዩ። «ይቺማ የከብት መንገድ ናት ልጄ። ውኃው ጋ ወርዳ ትቀራለች። የሰው መንገድ ከላይ ነው፣ በጽዱ በኩል።»

እውነትም ሃያ ደቂቃ ብሄድ ኖሮ ጨፌ ውስጥ እገባ ነበር። አንድ ሰው በሳተላይት ፎቶ አይቶ የከብቱን መንገድ የሰው መስሎት ስሎት ይሆናል። ከፎቶ ላይ ሁለቱ አይለዩም። ከቆማችሁበት ግን ትለዩታላችሁ። የከብት መንገድ ብዙ ነው፣ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ይበታተናል። የሰው መንገድ አንድ ነው፣ ወደ በር ወይም ወደ ገበያ ይሄዳል። ሰው ስታገኙ ጠይቁ። ስትጠይቁ ታዲያ «ቅርብ ነው?» አትበሉ። ቅርብ ነው ይሏችኋል፤ ለእነሱ ቅርብ ነው። «ከብት ይዘው ሲሄዱ ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የከፍታ መስመር

የሰሜን ሸዋ ምሥራቁ ጫፍ ገደል ነው። ደጋው ድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። እዚህ አገር በካርታ ላይ ርቀት ብቻ ማየት አደገኛ ነው።

አንኮበር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ካርታው ላይ ወደ መኪና መንገዱ በአየር አንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። «በዚህ ብቆርጥ ግማሽ ሰዓት» ብዬ ጀመርኩ። በግ የሚጠብቅ ልጅ ከላይ ሆኖ ጮኸ።

«ጋሼ፣ በዚያ አይሂዱ! ገደል ነው! ጭላዳ እንጂ ሰው አይወርደውም!»

ቆምኩና ካርታውን አጎላሁት። ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ወፍራም መስመር መስለዋል። ሳላጎላው መንገድ ነበር የመሰለኝ። ያው ልጅ በዞረው በኩል አሳየኝ፤ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

አነባበቡ ይህ ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛል። መስመሮቹ ከተራራቁ መሬቱ ገር ነው። ከተቀራረቡ ዳገት ነው። ከተጣበቁ ገደል ነው፤ መንገድ ካልተሳለበት አትሞክሩት። መስመሮቹ ላይ ቁጥር አለ። ከቆማችሁበት ወደምትሄዱበት ቁጥሩ ከጨመረ ትወጣላችሁ፣ ከቀነሰ ትወርዳላችሁ።

ጊዜ ለመገመት ተራራ የሚወጡ ሰዎች አንድ የቆየ ስሌት አላቸው። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት። 6 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 600 ሜትር የምትወጡ ከሆነ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይሆናል። እኔ ደጋው ላይ ለዚህ ግማሹን እጨምርበታለሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ትንፋሽ ያጥራል። ከአዲስ አበባ በዚያው ቀን የመጣ ሰው ደግሞ ይብስበታል።

የመመለሻ ሰዓታችሁንም ከዚህ አስሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ብዙ አይቆይም። በአንኮበርና በወፍ ዋሻ በኩል ደግሞ መሬቱ ወደ ምሥራቅ የተዘቀዘቀ ነው። ፀሐይዋ ከደጋው ጀርባ ስለምትገባ ጥላው ቀድሞ ይወርዳል። ጫካው ውስጥ 11 ሰዓት ላይ ሊያመሽባችሁ ይችላል። አፑ «ትደርሳለህ» የሚላችሁ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። 17:00 ሲል ለእኛ 11 ሰዓት ነው።

ወፍ ዋሻ ውስጥ ነጥቧ ስትዘል

ጓሳ ሜዳ ስለሆነ ጂፒኤስ በደንብ ይሠራል። ወፍ ዋሻ ሌላ ነው። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው ሰማዩን ይሸፍነዋል። ከጫካው ጀርባ ደግሞ የድንጋይ ግድግዳ አለ። የሳተላይቱ ምልክት ገደሉ ላይ ተጋጭቶ ዞሮ ነው ስልካችሁ የሚደርሰው። ስልኩም ይሳሳታል። ነጥቧ ከወንዙ ወዲህ ሆናችሁ ከወንዙ ወዲያ ታሳያችኋለች። ቆማችሁ ሳለ ትሄዳለች።

እንዲህ ስትሆን ማድረግ ያለባችሁ፦

መጀመሪያ ክቡን እዩ። ሰፍቶ ከሆነ ነጥቧን ለጊዜው አትመኑ። የዛፉ ጥላ ሳሳ ወዳለበት፣ ከገደሉ ራቅ ወዳለ ቦታ ውጡና ስልኩን በእጃችሁ ደረት ላይ ይዛችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። አፑን ዘግታችሁ አትክፈቱ፤ የተጀመረውን ፍለጋ ከዜሮ ልታስጀምሩት ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፣ ነጥቧንና አቅጣጫ ጠቋሚውን ለይታችሁ እዩ። ነጥቧ የምትመጣው ከሳተላይት ነው። ስትቆሙ ወዴት እንደዞራችሁ የሚያሳየው ቀስት ግን ከስልኩ ኮምፓስ ነው፤ ኮምፓሱ ደግሞ በማግኔት ይሳሳታል። ማግኔት ያለው የስልክ ቦርሳ ካላችሁ አውልቁት። ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራችሁ ጥቂት ጊዜ አወዛውዙት፤ ይስተካከላል። እሱም ካልሆነ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ሂዱና ነጥቧ ወዴት እንደተንቀሳቀሰች እዩ። ይህ አይዋሽም።

ሦስተኛ፣ ውኃውን ስሙ። ካርታው ላይ ወንዝ በግራ ካለ በጆሯችሁም በግራ መሆን አለበት። ካልተስማሙ ጆሯችሁን እመኑ።

ጠፋን ስትሉ

ቁሙ። ሰው የሚጎዳው በጠፋበት ቦታ ሳይሆን «ትንሽ ልሞክር» ብሎ በጨመራት መንገድ ነው። ውኃ ጠጡ፣ በሶ ካላችሁ በጥብጡ። ከዚያ ካርታውን አሳንሱት፤ የዱካችሁ መስመር እስኪታይ ድረስ። ወደ መስመሩ የሚወስደው መሬት ገር ከሆነ በቀስታ ሂዱ። በየሃያ እርምጃው ነጥቧ ወደ መስመሩ እየቀረበች መሆኗን አረጋግጡ። መስመሩ ላይ ስትደርሱ በእሱ ተመለሱ። አቋራጭ አትፈልጉ። ስትመጡ ያለፋችሁበት መንገድ ሰው እንደሚያሳልፍ ታውቃላችሁ፤ ስለሌላው ምንም አታውቁም።

ጉም ውስጥ ሆናችሁ ገደሉ ቅርብ ከሆነ ግን አትንቀሳቀሱ። የ5 ሜትር ስህተት ሜዳ ላይ ምንም አይደለም። ገደል ጫፍ ላይ ብዙ ነው። ተቀመጡ፣ ተሸፋፈኑ፣ ጉሙ እስኪገልጥ ጠብቁ። ጓሳ ላይ ብዙ ጊዜ እንደመጣው ይሄዳል።

እርዳታ የምትጠሩ ከሆነ ስልክ አልደወል ሲል ቴክስት ሞክሩ። ደካማ ኔትወርክ ላይ ድምፅ እምቢ ሲል ጽሑፍ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ኤርፕሌን ሞዱን አጥፍታችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሁኑ። የምትጽፉት «ከዛፉ አጠገብ ነን» ሳይሆን ቁጥር ነው። ካርታው ላይ ነጥቧን ስትነኩ ሁለት ቁጥር ይወጣል። ለምሳሌ ደብረ ብርሃን 9.68, 39.53 አካባቢ ናት። የመጀመሪያው ወደ ሰሜን፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ያለውን ነው የሚናገረው። በእኛ አካባቢ የመጀመሪያው 9 ወይም 10 ብሎ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ባብዛኛው 39። ካገላበጣችሁት ደብረ ብርሃን ጣሊያን አገር፣ ሰርዲኒያ ደሴት ዳር ትሄዳለች። ከነጥቡ በኋላ ያሉትን አኃዞች ደግሞ አትቁረጡ። ሁለት አኃዝ ብቻ ከጻፋችሁ ስህተቱ ወደ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አምስት ከጻፋችሁ አንድ ሜትር ገደማ ነው።

ይህን ቁጥር የምትልኩለት ሰው የእናንተ ዓይነት አፕ አያስፈልገውም። የትኛውም ካርታ መፈለጊያ ላይ ቢጽፈው ያወጣዋል። ቤት ሳላችሁ ከወንድም ከእህታችሁ ጋር አንዴ ሞክሩት። የጭንቅ ዕለት አዲስ ነገር መልመድ አይሆንም።

ስትመለሱ

መመዝገቢያውን አቁሙና ዱካውን በስም አስቀምጡ። ቀን፣ ቦታ፣ ከማን ጋር። ጂፒኤክስ በሚባል ፋይል አውጥታችሁ በቴሌግራም ለጓደኛ መላክ ትችላላችሁ። ለሚቀጥለው ሰው ከየትኛውም የተሳለ ካርታ የተሻለ ስጦታ ነው፤ በእግር የተሄደበት ነውና።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ፣ በተለይ ቡችሎች ያሉበትን ጉድጓድ ካገኛችሁ፣ ፒኑን ለማንም አትላኩ። በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሶቹ ከ500 አይበልጡም ይባላል፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ጉድጓዱ በታወቀ ቁጥር ሰው ይመጣል፤ ውሻ ተከትሎት ከመጣ ደግሞ በሽታ ያስተላልፋል። ፎቶ ስታነሱ ስልኩ ቦታውን ፎቶው ውስጥ ሊመዘግብ ይችላል። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የሎኬሽን ምልክቱን ካጠፋችሁት አይመዘግብም። የጭላዳ ፎቶ ላይ ችግር የለም፤ እነሱ ራሳቸው መንገድ ዳር ናቸው።

ከመንገዱ ወጥታችሁ በሣሩ ላይ የረገጣችሁበትን ክፍልም ከዱካው ቁረጡት። ሌላ ሰው መስመሩን ይዞ ከመጣ፣ ሦስተኛውም ከተከተለው፣ ሣሩ ተረግጦ መንገድ ይሆናል።

የቀረውን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ጨምሩት። በነፃ ትመዘገባላችሁ፣ ዱካችሁን ትከፍታላችሁ፣ በላዩ ትስላላችሁ። ስም ስትጽፉ በፊደላችን ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ቢያንስ ሁለት የአካባቢውን ሰዎች ጠይቁ። እኔ አንዱን ሸለቆ አንድ ልጅ በነገረኝ ስም አስገብቼው ነበር። በኋላ ስጠይቅ ስሙ የሸለቆው አልነበረም፤ ዳሩ ላይ የሚኖሩት ሰውዬ ስም ኖሯል። አሁን ተስተካክሏል።